ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም፦ በዕድሜ የገፉ የጭነት መኪናዎችን በተመለከተ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀላሎቹ ጥያቄዎች ከላይ ናቸው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እጅዎ ይበልጥ ይቆሽሻል።

"ይዞራል ግን አይነሳም" ሲባል ምን ማለት ነው?

ቁልፉን ሲያዞሩ "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ ወይም ጭራሽ ድምፅ ከሌለ፣ ችግሩ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መስመር ላይ ነው። እዚህ የምናወራው ስለሌላው ዓይነት ነው፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ግን በራሱ ጉልበት አልይዝም ይላል።

የናፍጣ ሞተር ለመነሳት በሰዓቱ የሚረጭ ናፍጣ፣ በቂ አየርና ያንን አየር አፍኖ የሚያግል ኮምፕረሽን ይፈልጋል። ለቤንዚን ሞተር በዚህ ላይ ብልጭታ ይጨመርለታል። ከእነዚህ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት አይገባም። ደህና ኢንጀክሽን ፖምፓ (ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው) ወርዶ በሌላ ፖምፓ ሲተካ፣ ጥፋቱ ግን ያለው አንዲት የተሰነጠቀች የነዳጅ ጎማ ቱቦ ላይ ሲሆን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

እየዞረ እያለ ባትሪውን ለምን እፈትሻለሁ?

መዞር ብቻ ስለማይበቃ ነው። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የታፈነው አየር ሙቀት ነው። ሞተሩ እየተጎተተ ከዞረ አየሩ በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩል ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል፣ ሙቀቱም ወደ ቀዝቃዛው ብረት ይሸሻል። በቤንዚን ሞተር ደግሞ ሞተሪኖው ያለውን ኃይል ሁሉ ሲስብ ለቦቢናው (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ ለሚሠራው ዕቃ) የሚተርፈው ስለሚያንስ ብልጭታው ይሞታል። "ይዞራል እኮ!" የሚል ሹፌር ብዙ ጊዜ የሚናገረው እንዲህ ስላለው አዟዟር ነው።

ሙሉ ሆኖ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ገመዱና ማሳው (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ገመድ) ዝገዋል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ይስባል። በባለ 24 ቮልት መኪና ገደቡ 19 ቮልት አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ስለሚታሰሩ ድምሩን ብቻ አይለኩ፤ አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሲያዞር እያንዳንዱን ለየብቻ ይለኩ። አንዱ 10 ላይ ቆሞ ሌላው 7 ላይ ከወደቀ ጥፋተኛው ታወቀ።

ያለማቋረጥ ለምን ያህል ጊዜ ላዙር?

ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፤ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ያህል ይረፍ። ሞተሪኖ የተሠራው ለአጭር ሥራ ስለሆነ ጨክነው ከቀጠሉ ይቃጠላል። ያኔ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ምንም ሳልፈታ መጀመሪያ ምን ልይ?

ታንኩን። የነዳጅ መለኪያውን አይመኑት፤ በዕድሜ የገፋ መኪና ላይ መለኪያው ግማሽ እያለ ታንኩ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ እንጨት ያስገቡና ይለኩ። ክዳኑን ሲከፍቱ "ፍስስ" ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ታንኩ ውስጥ የተፈጠረው ባዶነት ነዳጁን ይዞ አስቀርቶታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የማጥፊያው ገመድ። ብዙ የቆዩ የናፍጣ መኪናዎች የሚጠፉት ጋቢና ውስጥ ያለ እጀታ ተስቦ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አልነሳ ያለ መኪና ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ፤ ፊልትሮው ተቀይሯል፣ ኖዝሎቹ (ናፍጣ ረጪዎቹ) ወርደው ተመርምረዋል። እጀታው ጋቢና ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ገመዱ ግን ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ስለተያዘ ፖምፓው ላይ ያለው ክንድ "አጥፋ" ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ሞተሩ በሁለተኛው ዙር ተነሳ። ስለዚህ እጀታውን ሳይሆን ፖምፓው ላይ ያለውን ክንድ ይዩ፤ አንድ ሰው እጀታውን ሲስብና ሲመልስ ክንዱ ዳር እስከ ዳር መሄዱን ያረጋግጡ።

ስናዞረው ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ምን ይነግረኛል?

ብዙ ይነግራል፣ ደግሞም በነፃ ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፣ እርስዎ ከኋላ ቆመው ይመልከቱ። በናፍጣ ሞተር ላይ ጭስ የሚባል ነገር ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ እየደረሰ አይደለም። ያኔ ከታንክ እስከ ኖዝል ያለውን መስመር ይከተሉ እንጂ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለማውረድ አይቸኩሉ።

ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ገብቷል፣ ተረጭቷል፣ ግን አልነደደም። ምክንያቱ ብርድ፣ የማይሠራ ማሞቂያ፣ የደከመ ኮምፕረሽን ወይም ሰዓቱን የሳተ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ከሆነ ነዳጁ ለአየሩ በዝቶበታል፤ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ይዩ። አይጥ ጎጆ የሠራችበት ፊልትሮ እኔም አጋጥሞኛል።

ናፍጣ መስመር ውስጥ አየር መግባቱን እንዴት አውቃለሁ? እንዴትስ አስወጣዋለሁ?

አየር ይታመቃል፣ ናፍጣ ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል። የቆዩ ሞተሮች ኖዝል የሚከፈተው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። መስመሩ ውስጥ አየር ካለ የፖምፓው ምት አየሩን ይጨምቅና ያባክነዋል፤ ኖዝሉ ዝም ይላል። ነዳጅ ካለቀ ወይም ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ አልነሳ ያለ መኪና ዘጠና በመቶው ችግሩ ይኸው ነው ቢባል አልከራከርም።

አሠራሩ ከታንክ ወደ ሞተር ነው። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርገው የእጅ ፖምፓውን ይምቱ። መጀመሪያ እንደ ሳሙና የሚያረፋ ናፍጣ ይወጣል፤ አረፋው ጠፍቶ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲፈስ፣ እየመቱ ሳሉ ብሎኗን ያጥብቁ። ኢንጀክሽን ፖምፓው ላይም ማስወጫ ካለ ይድገሙት። የእጅ ፖምፓው መጀመሪያ ላይ ልል ሆኖ በኋላ እጅዎን መግፋት ከጀመረ በጎ ምልክት ነው።

በመጨረሻ የሁለት ወይም የሦስት ኖዝሎችን የቱቦ ዳዶ አንድ ዙር ያህል አላልተው ያስዙሩ። ናፍጣው በዳዶው ሥር "ጭቅ፣ ጭቅ" እያለ መውጣት ሲጀምር ዝጉት፤ ሞተሩ ብዙ ጊዜ እያነከሰ ይነሳና እያዞረ ቀሪውን አየር ራሱ ያስወጣል። እጅዎን ግን ከዚያ ያርቁ። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ታህል ይሆናል፣ ውስጡ ግን ከባድ ጉዳት ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

አየሩን ባስወጣሁ ማግስት ጠዋት እንደገና አይነሳም። የትም ቦታ ግን ናፍጣ አይፈስም። አየሩ ከየት ይገባል?

ከመምጠጫው በኩል። ከታንክ እስከ ማቅረቢያው ፖምፓ ድረስ ናፍጣው የሚሳበው እንጂ የሚገፋው አይደለም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ያለ ስንጥቅ አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ አያስወጣም። ውጪው ደረቅ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ማታ መኪናው ሲቆም ናፍጣው በዚያች ቀዳዳ በሚገባው አየር እየተተካ ቀስ በቀስ ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ጠዋት ፖምፓው የሚያገኘው ባዶ ቱቦ ነው።

አንድ ክንድ የሚሆን ናፍጣ የሚችል ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ፈልገው ከኢንጀክሽን ፖምፓው መግቢያ በፊት በጎማ ቱቦው ፈንታ ለጊዜው ይሰሩት። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ በዓይንዎ ያያሉ። ከዚያ ቱቦውን አንድ አንድ መገጣጠሚያ ወደ ታንክ እያስጠጉ ይሂዱ፤ አረፋው የጠፋበት ቦታ ሲደርሱ ቀዳዳው አሁን ባለፉት ክፍል ላይ ነው። በብዛት የሚገኘው የደረቀ ጎማ፣ የላላ ማሰሪያ፣ የፊልትሮ ክዳን ላስቲክ ወይም የእጅ ፖምፓው ራሱ ነው። ታንክ ውስጥ ያለው የመምጠጫ ቱቦም ዝጎ ሊበሳ ይችላል፤ ያኔ መኪናው ታንኩ ሙሉ ሲሆን ይነሳል፣ ሲጎድል ያምፃል።

ቁልፉን ስከፍት ፖምፓው ላይ "ጠቅ" የሚል ድምፅ የለም። ችግር ነው?

ፖምፓዎ በኤሌክትሪክ የሚከፈት የነዳጅ መዝጊያ ካለው፣ አዎ። በሮታሪ ፖምፓዎች (በአንድ መርጫ ለሁሉም ሲሊንደር በሚያካፍሉት) ላይ፣ ለምሳሌ በቦሽ ቪኢ ላይ፣ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ደርሶት ነዳጁን የሚከፍት አንድ መዝጊያ አለ። ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ሞተሩ ሲዞር ቢውል ጠብታ አያልፍም። ሽቦውን ነቅለው ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ በቴስተር ይለኩ፤ ሞተሪኖው ሲያዞርም ይለኩ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ያለቀ የቁልፍ ቤት ልክ "አስነሳ" ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ይቆርጠዋል።

ኤሌክትሪክ ከጠፋ ከባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ ወስደው በቀጥታ ይስጡት። "ጠቅ" ብሎ ሞተሩ ከተነሳ መዝጊያው ደህና ነው፤ ፊውዙን፣ ሽቦውንና የቁልፍ ቤቱን ይፈልጉ። በዚህ ዘዴ የተነሳ ሞተር በቁልፍ አይጠፋም፣ ሽቦውን መንቀል አለብዎ። ልብ ይበሉ፣ አንዳንድ ረድፍ ፖምፓ (ለየሲሊንደሩ የራሱ መርጫ ያለው) ያላቸው መኪናዎች አሠራራቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚያጠፋ እንጂ የሚከፍት አይደለም።

በብርድ ጠዋት ብቻ አይነሳም፤ ቀን ሲሞቅ ግን ይነሳል። ኤተር (ቶሎ የሚነድ ማስነሻ ስፕሬይ) ልንፋበት?

መጀመሪያ ሞተሩ ማሞቂያ ካንዴላ (ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቅ) እንዳለው ይወቁ። ካለው የእያንዳንዱን ሽቦ አላቅቀው፣ የመፈተሻ አምፖል አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ አስረው ሌላውን የካንዴላው ጫፍ ላይ ያስነኩ። አምፖሉ ካልበራ ካንዴላው ውስጡ ተቆርጧል። ሁሉም ደህና ከሆኑ ሪሌው ኤሌክትሪክ መስጠቱን ይዩ። ከአራት ካንዴላ ሁለቱ የሞቱበት ሞተር በሞቃት ቀን ያታልላል፤ ብርድ ሲመጣ ይጋለጣል።

ማሞቂያ ካንዴላ ወይም የአየር መግቢያ ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ኤተር አይንፉ። የጋለው ብረት ኤተሩን ያለሰዓቱ ያፈነዳውና ፋሻ ይሰብራል፣ ፒስተን ይበሳል። ማሞቂያ በሌለው ትልቅ ሞተር ላይም ቢሆን በየጠዋቱ በኤተር የሚነሳ መኪና የኮምፕረሽን ድካሙን እየደበቀ ነው። በጣም በሚበርድ ቦታ ደግሞ ናፍጣው ራሱ ሰም መሥራት ይጀምርና ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ፊልትሮው ውስጥ የደፈረሰና የረጋ ነገር ካዩ መፍትሔው ሙቀት ነው።

የቤንዚን ሞተር ነው። ብልጭታ መኖሩን እንዴት አያለሁ?

አንድ ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠውን) ነቅለው ከገመዱ ጋር ያገናኙ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ ያስነኩ፣ ሰው ያስዙር። ገመዱን በባዶ እጅ አይያዙ፣ ከካርቡራተሩና ከፈሰሰ ቤንዚን ይራቁ። "ጣ! ጣ!" የሚል ሰማያዊ ብልጭታ ጤነኛ ነው፤ ቀጭን ብርቱካናማ ከሆነ ደካማ ነው።

ጭራሽ ከሌለ የመፈተሻ አምፖሉን በቦቢናው ኔጋቲቭ ጫፍና በፖዘቲቭ መካከል አድርገው ያስዙሩ። ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መቆራረጫ) እየከፈተና እየዘጋ ነው፤ ለቦቢናው ኤሌክትሪክ እየደረሰው ከሆነ ጥፋቱ ከቦቢናው ወደዚያ፣ ማለትም ቦቢናው ራሱ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ወይም የሚዞረው ጣት ላይ ነው። ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ፑንቲናውን ያውጡ። ፊቱ ጠቁሮ ከተቃጠለ በቀጭን የብረት ወረቀት ይጽዳ፣ ክፍተቱ በብዙ ሞተሮች ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ ፑንቲና በአጭር ጊዜ የሚቃጠል ከሆነ ኮንዴንሰሩን ይቀይሩ። እርጥበትን አይርሱ፤ ከታጠበ በኋላ አልነሳ ያለ መኪና የክዳኑን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ሊበቃው ይችላል።

የቤንዚን ሽታ አፍንጫ ይሰብራል፣ ካንዴላዎቹም ርሰዋል። ምን ላድርግ?

ቤንዚን በዝቶበታል። ቾኩን (የካርቡራተሩን የአየር መዝጊያ) ይክፈቱ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠው ይያዙና ያስዙሩ፤ ፔዳሉን እየረገጡ መልቀቅ ግን ተጨማሪ ቤንዚን መርጨት ነው። ካልሆነ ካንዴላዎቹ ወጥተው ይድረቁ። ተመልሶ ከመጣ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ ወይም መርፌው አልዘጋ ብሏል።

ቁልፉን እንደያዝኩ ይነሳል፣ ስለቀው ግን ወዲያው ይጠፋል። ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ግራ የሚያጋባ ይመስላል እንጂ ከሁሉም ግልጽ ምልክት የሚሰጠው ይህ ነው። በብዙ የቆዩ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ቦቢናው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ሲነሳ ሞተሪኖው ቮልቴጁን ስለሚያወርደው ሙሉውን በአቋራጭ ይሰጠዋል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ኃይሉ በአንድ ሬዚስተር በኩል ተቀንሶ ይመጣል። ያ ሬዚስተር ከተቃጠለ ወይም ሽቦው ከተቆረጠ አቋራጩ ብቻ ይሠራል። ሬዚስተሩ ብዙ ጊዜ ነጭ የሸክላ ቁራጭ ነው፣ ቦቢናው አጠገብ ይገኛል። አልፈውት በቀጥታ ሽቦ መስጠት ለመፈተሽ ያህል ይሆናል፤ እንዲሁ ቢነዱት ግን ቦቢናውና ፑንቲናው ይቃጠላሉ።

ቀዝቃዛ ሲሆን ጥሩ ይነሳል፤ ሞቆ ካጠፋሁት በኋላ ግን ሰዓት እስኪያልፍ አይነሳም።

በናፍጣ ሞተር ላይ፣ በተለይ ሮታሪ ፖምፓ ባለው፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያለቀ ፖምፓ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነው ናፍጣ በተበላው ብረት መካከል ሾልኮ ስለሚያመልጥ፣ ሞተሪኖው በሚሰጠው ዝቅተኛ ዙር ፖምፓው ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት አያገኝም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፖምፓው ላይ የረጠበ ጨርቅ ጣል አድርገው ትንሽ ይጠብቁ። በዚያ ከተነሳ መልሱን አግኝተዋል። ባልዲ ውኃ ግን አይድፉበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

በቤንዚን ሞተር ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ሳለ ተንኖ መስመሩን በእንፋሎት መዝጋቱ ነው፤ ሌላው ሲሞቅ የሚሞት ቦቢና ነው። መኪናው እንቢ ባለበት ቅጽበት ብልጭታውን ካዩ ሁለቱን ይለያሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ መፈተሽ ዋጋ የለውም፤ ያኔ ሁሉም ደህና ነው።

ከወትሮው ፈጥኖና ለስልሶ ይዞራል፤ "ዊዊዊ" የሚል ብቻ ነው።

ቁልፉን ይልቀቁ፣ ከታች ካለው አጭር ፍተሻ በቀር ደግመው አያዙሩ። ጤነኛ ሞተር ሲዞር ኮምፕረሽን በደረሰ ቁጥር ትንሽ ይከብደዋል፣ ድምፁም ከፍ ዝቅ ይላል። ያ ምት ከጠፋ ቫልቮቹ በሰዓታቸው እየተዘጉ አይደለም፤ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚያስከፍተው ቀበቶ) ወይም ሰንሰለቱ ተበጥሶ ይሆናል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ቢላንቸሪዎቹን (ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች) ይመልከቱ። ለአንድ አፍታ ብቻ ሲያስዞሩ ካልተንቀሳቀሱ ጉዳዩ አልቋል። ፒስተን ከቫልቭ ጋር የሚጋጭበት ሞተር ከሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ቫልቭ ያጣምማል።

ፖምፓው ተጠግኖ ተመልሷል፣ ምልክቶቹ ሁሉ ገጥመዋል፣ አየሩም ወጥቷል። ነጭ ጭስ እያወጣ አይነሳም። ምን ቀረ?

ምልክቱ የገጠመው በተሳሳተው ዙር ሊሆን ይችላል። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና ፖምፓው አንድ ጊዜ ነው የሚዞሩት። ስለዚህ የፑሊው ወይም የቮላኖው (ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ዲስክ) ምልክት ከላይ ሲደርስ አንደኛው ፒስተን ጫፍ ላይ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ኮምፕረሽን ላይ፣ አንዴ ደግሞ ጭስ ማስወጫ ላይ ነው። በማስወጫው ላይ የታሰረ ፖምፓ ናፍጣውን የሚረጨው ቫልቩ ተከፍቶ ሳለ ነው። በቤንዚን ሞተር ዲስትሪቢዩተሩ ግማሽ ዙር ሲገለበጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ እዚያ ላይ በካርቡራተሩ በኩል "ቡም" እያለ ያስፈራል።

የቫልቭ ሽፋኑን ያንሱ። ምልክቱ ገጥሞ ሳለ የአንደኛውን ሲሊንደር ሁለቱን ቢላንቸሪዎች በእጅዎ ያነቃንቁ። ሁለቱም ትንሽ ክፍተት ኖሯቸው ከተነቃነቁ ቫልቮቹ ዝግ ናቸው፣ ኮምፕረሽን ላይ ነዎት። አንዱ ወይም ሁለቱም ተጭነው ጥብቅ ካሉ ፖምፓውን ፈትተው ሞተሩን ብቻ አንድ ሙሉ ዙር አዙረው ፖምፓውን እንደገና ያስሩ።

ኮምፕረሽን መለካት ያለብኝ መቼ ነው?

ነዳጁ መድረሱ፣ ሰዓቱ፣ የዙሩ ፍጥነትና ማሞቂያው ሁሉ ተረጋግጦ ሞተሩ አሁንም እንቢ ሲል። ቤንዚን ሞተር ላይ በብዛት ከ8 እስከ 12 ባር ይገኛል፤ ናፍጣ ላይ ደግሞ ጤነኛ የሚባለው ከ25 ባር በላይ ነው፣ ስለዚህ የቤንዚኑን መለኪያ ለናፍጣ አይጠቀሙ፣ ይፈነዳል። ከቁጥሩ በላይ የሚታየው ልዩነቱ ነው፤ ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ሞተሩ አርጅቷል፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ከወደቁ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጉዋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጥሏል።

በቤንዚን ሞተር ላይ በደከመው ሲሊንደር አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ካልተለወጠ ቫልቩ። ናፍጣ ሞተር ላይ ይህን አይሞክሩት፦ ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ ዘይቱ ከበዛ አልታመቅ ብሎ የፒስተኑን ዘንግ ያጎብጣል።